ያለ ኦቭን፣ ያለ ጀላቲን፦ የአብነት ግቢ ቺዝኬክ

በዚህ ወር የማስጎበኛችሁ ቦታ ሩቅ አይደለም። ሆቴል አትይዙም፣ ሻንጣ አትሸክፉም። ዘንቢል ብቻ ያዙና ቅዳሜ ጠዋት አብነት እንገናኝ። በባቡር የምትመጡ ከሆነ ከዳርማር ቀጥሎ፣ ሰባተኛ ሳይደርስ ያለው ፌርማታ ነው፤ ስሙም እንደ ሰፈሩ አብነት ይባላል። የምንሠራው የፍራፍሬ ቺዝኬክ ነው። ኬኩ ኦቭን ውስጥ አይገባም፤ አብዛኛው ዕቃውም የሚገኘው በእግር ጉዞ ነው።

የተወለድኩትና ያደግኩት እዚሁ አብነት ነው። ዛሬ ከባለቤቴና ከልጄ ጋር በከተማዋ ዳር ባለ ኮንዶሚኒየም እኖራለሁ፤ የምሠራውም በአንድ ድርጅት የማርኬቲንግ ክፍል ውስጥ ነው። እናቴ ግን ከሰፈሯ አልወጣችም። ስድስት ቤት፣ አንድ የውኃ ቧንቧና አንድ የቆርቆሮ በር ባለው ግቢ ውስጥ እንደ ድሮዋ ትኖራለች። የልጄን ልደት በየዓመቱ የምናከብረው እዚያ ነው።

ከእናቴ ጋር አንድ ግድግዳ የሚጋሩት ጎረቤት ሁላችንም «እትዬ» ብቻ ብለን የምንጠራቸው ሙስሊም እናት ናቸው። እናቴ ሥራ ውላ እስክትመለስ ከትምህርት ቤት ተቀብለው ምሳዬን የሚያበሉኝ እሳቸው ነበሩ። በረመዳን ማታ ማታ የሳምቡሳ ሳህን በአጥር በኩል ይመጣ ነበር። በፋሲካ የእኛ ድፎ ዳቦ በዚያው በኩል ይሄዳል።

አምና የሆነውን ልንገራችሁ። ልጄ 6 ዓመት ሲሞላት የካፌ ኬክ ከመግዛት ብዬ በራሴ እጅ ቺዝኬክ ሠራሁ። ኦቭን ስለሌለን ሳይጋገር የሚረጋውን ዓይነት መረጥኩ። ማርጊያውም ጀላቲን ነበር፤ በትንሽ ላስቲክ ተቋጥሮ ላዩ ላይ «ጀላቲን» ከሚል ቃል በቀር ምንም አልተጻፈበትም። ኬኩ አማረ። ሻማው ጠፋ፣ ተጨበጨበ፣ ተቆረሰ። እትዬ ሳህናቸውን ተቀብለው ኬኩን በማንኪያ ነካ ነካ አደረጉና፣

«ልጄ፣ ይሄን ነገር ምን አቆመው?» አሉኝ።

«ጀላቲን የሚባል ነው፣ እትዬ።»

«እሱስ ከምን ይሠራል?»

አላወቅሁም። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ጠይቄም አላውቅም ነበር። እትዬ ፈገግ ብለው «ቆይ፣ መጀመሪያ ቡናውን ልጠጣ» አሉና ሳህኑን በርጩማው ላይ አስቀመጡት። ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተባለ። ሳህኑ ግን ከበርጩማው አልተነሳም። ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ ታክሲ ውስጥ «አባ፣ እትዬ ኬኬን ለምን አልበሉልኝም?» ብላ ጠየቀችኝ።

ያን ሌሊት ተቀምጬ አነበብኩ። ጀላቲን የሚገኘው የእንስሳት ቆዳ፣ አጥንትና ጅማት ተቀቅሎ ነው። በብዛት የሚሠራው ከአሳማና ከከብት ሲሆን ከዓሣ የሚገኝም አለ። የታሸገ ምግብ ላይ ስሙ ካልተጻፈ «ኢ441» በሚል መለያ ሊቀመጥ ይችላል። እኔ የገዛሁት ከየትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ነገሩ የእትዬ ብቻ አይደለም። እናቴ ኦርቶዶክስ ናት፤ አሳማ እሷም አትበላም። ከብትም ቢሆን ችግሩ አያልቅም። እንደምታውቁት በአገራችን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንዱ የሌላውን እርድ አይበላም። ግቢያችን ውስጥ ሠርግ ሲኖር ሁለት አራጅ፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ዳስ ይዘጋጃል፤ በዚህ የሚከፋው ሰው የለም። ዳቦው፣ ቡናው፣ ፈንዲሻውና ቴምሩ ግን የሁሉም ነው። እኔ ኬኩን ከዳቦው ወገን ነው ብዬ ነበር፤ ጀላቲኑ ከሥጋው ወገን አደረገው።

በሥራ ቦታዬ አንድን ዕቃ ከማስተዋወቃችን በፊት የምንጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ለማን ነው?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ ለሳሙናና ለብስኩት ስጠይቅ ዓመታት አልፈዋል። ላሳደጉኝ ሴት በሠራሁት ኬክ ላይ ግን አልጠየቅሁትም። ስለዚህ ዘንድሮ ልጄ 7 ዓመት ሲሞላት ከባዶ ጀመርኩ። ልደቷ ግንቦት ላይ፣ በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ስለሚውል ጾም የለም፤ የእናቴ በኩል በዚህ ተቃለለ። የቀረው የእትዬ በኩል ነው። በሉ፣ እንውጣ።

ከአብነት ወደ ሰባተኛ አቅጣጫ ስትሄዱ መንገዱ ቀስ በቀስ ይጠብባችኋል። ተሸካሚው «ዞር በሉ!» ይላል፣ ጋሪው ይገፋል፣ የታክሲ ረዳቱ ይጣራል። ቦርሳችሁን ከፊት አድርጉ። መርካቶ ዛሬ ያለበትን ቦታ የያዘው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት የከተማዋ ዋና ገበያ አራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ነበር። ጣሊያኖቹ አገሬውን ከነጮቹ ሰፈር ለመለየት ሲሉ ገበያውን ወደ ምዕራብ አዛወሩት፤ መርካቶ የሚለው ስምም ከነሱ ቋንቋ ቀረ። ለመለያየት ታስቦ በተከለለው በዚህ ቦታ ዛሬ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና ታላቁ አንዋር መስጊድ በቅርብ ርቀት ይተያያሉ። ቅዳሴና አዛን እየተቀባበሉ የሚሰሙበት ሰፈር ነው።

የመጀመሪያው ማረፊያችን ምን አለሽ ተራ ነው። አሮጌ ብረት፣ ጣሳና በርሜል አዲስ ሕይወት የሚያገኝበት ተራ ነው። የቺዝኬክ ዕቃ ጎኑ የሚከፈት መሆን አለበት፤ ሱቅ ውስጥ ያለው ውድ ነው። እኔ ግን ታች የሌለው ቀለበት ብቻ ይበቃኛል ብዬ ሐሳቡን ለአንድ ቀጥቃጭ በወረቀት ሣልኩለት። የኬኩ ስፋት 20 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን 63 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የማይዝግ ብረት ያስፈልጋል፤ ለመደራረቢያ 2 ሴንቲ ሜትር ጨምሩ። ቁመቱ 7 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ሰውዬው ብረቱን ጠቅልሎ፣ በሚስማር በስቶ፣ ጠርዙን ሞርዶ ሲጨርስ፣

«ለምንድን ነው? ለከሰል ነው?» አለኝ።

«ለኬክ ነው።»

አጠገቡ ያሉት ሁሉ ሳቁ። «እንግዲያው ስትጨርስ ቁራሽ ታመጣለህ» አለና ሂሳቡን ቀነሰልኝ። ማስጠንቀቂያ፦ ቀለም የተቀባ ወይም ኬሚካል የነበረበት ጣሳ አታሠሩ፤ ስቴንለስ የሆነውን ጠይቁ፣ ቤት ስትደርሱም በፈላ ውኃና በሳሙና እጠቡት።

ቀጥሎ ብስኩት ነው። መርካቶ ውስጥ ሁለት ፓኬት ብስኩት መግዛት ከምታስቡት በላይ ከባድ ነው። ጅምላ ሻጩ «ስንት ካርቶን?» ይላችኋል። ከሁለት ሰው ጋር ተዳርሳችሁ ግዙ፣ ወይም እንደኔ ካርቶኑን ወስዳችሁ ለልደቱ እንግዶች አከፋፍሉ። ተራው የሻይ ብስኩት ይበቃል። ነገር ግን ጀርባውን አንብቡ፤ የእንስሳት ስብ የሚል ካለበት ተዉት፣ የአትክልት ዘይት የሚለውን ውሰዱ።

ከዚያ ቅቤ ተራ። ሽታው ከሩቅ ይጠራችኋል። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ፣ በሰፌድ ላይ የተቆለለ ነጭ አይብ። ሻጯ ጥቂት አይብ መዳፋችሁ ላይ ታደርግላችኋለች፤ ቅመሱት። ለጋው ለስለስ ያለና ቀለል ያለ ኮምጣጣነት ያለው ነው፤ ምላስ የሚቆነጥጥ ከሆነ ቆይቷል።

እዚህ ጋ ስለ አይብ ትንሽ ላውራ፣ የኬኩ ምሥጢር እሱ ነውና። ቺዝኬክ የአሜሪካ ምግብ ይመስለናል፤ ግን ሮማዊው ካቶ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጻፈው የግብርና መጽሐፍ ውስጥ የአይብና የማር ኬክ አሠራር አለ። ዛሬ ካፌ ውስጥ የምንበላው ለስላሳው ክሪም ቺዝ የመጣው በጣም ዘግይቶ ነው፤ ዊልያም ሎውረንስ የሚባል የኒው ዮርክ ግዛት ወተት አምራች በ1872 እ.ኤ.አ. እንደጀመረው ይነገራል። የእኛ አይብ ከሁለቱም ያላነሰ ነው። ደግሞ አንዳንድ የፋብሪካ አይብ የሚረጋው ከጥጃ ጨጓራ በሚገኝ ማርጊያ ሲሆን የእኛ ግን የሚረጋው በእርሾውና በሙቀቱ ብቻ ነው። የእትዬ ጥያቄ ግማሹ እዚህ ላይ ተመለሰ ማለት ነው።

ቀሪው ግማሽ «ያለ ጀላቲን እንዴት ይቆማል?» የሚለው ነው። ለዚህ መልሱን ያገኘሁት ከሩሲያ ኦርቶዶክሶች ነው። እነሱ ለፋሲካ መግደፊያ «ፓስኻ» የሚባል ሳይጋገር የሚሠራ የአይብ ምግብ አላቸው። አይቡን ከቅቤ፣ ከስኳርና ከደረቀ ፍራፍሬ ጋር ለውሰው፣ ውኃው እስኪንጠፈጠፍ ክብደት ጭነውበት ቀዝቃዛ ቦታ ያሳድሩታል። የሚያቆመው ቅቤው ነው። ቅቤ ሲቀዘቅዝ እንደሚጠጥር ደግሞ የሐምሌን ብርድ የምናውቅ ሁሉ እናውቃለን።

አይቡን ልገዛ ስል እናቴ በስልክ አስቆመችኝ። «ለሕፃናት ነው የምትሠራው። ለጎመኑ የሚሆን ግዛ፤ የኬኩን እኔ አወጣዋለሁ» አለች። ልክ ናት። የገበያ አይብ ብዙ ጊዜ ካልፈላ ወተት ስለሚሠራ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች አይመከርም። ሌላም ጥቅም አለው፤ የተለመደው አይብ የሚወጣው ቅቤው ከተናጠ በኋላ ከሚቀረው አሬራ ስለሆነ ስቡ ጥቂት ነው፣ በጥርስ መሐል ይንሸራተታል። ከሙሉ ወተት የወጣው ግን ለስለስ ይላል።

የመጨረሻው ፍራፍሬ ነው። አንድ ነገር እንዳያሳስታችሁ፤ በዚሁ የባቡር መስመር ላይ አትክልት ተራ የሚባል ፌርማታ አለ። ስሙን ሰምታችሁ ከወረዳችሁ ግን የድሮውን ገበያ አታገኙትም። በኮሮና ምክንያት በ2012 ዓ.ም. ወደ ጃን ሜዳ፣ በ2013 ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛውሯል። እኛ ከመንገድ ዳር ቸርቻሪ ገዛን፦ ሁለት የበሰለ ማንጎና አራት ፓሽን ፍሩት። አናናስና ፓፓያ የምትወዱ ጥሬያቸውን ከአይብ ጋር አታድርጉ። ውስጣቸው የወተትን ፕሮቲን የሚሰባብር ነገር ስላለ ኬኩን ይመርራችኋል፣ ያቀጥንባችኋልም። መጀመሪያ ከተቀቀሉ ግን ችግር የላቸውም።

ወደ ግቢ እንመለስ። እኩለ ቀን ሊሆን ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች፦

ለታችኛው፦ 200 ግራም የሻይ ብስኩት፣ 90 ግራም የቀለጠ የገበታ ቅቤ።

ለአይቡ፦ 3 ሊትር ስቡ ያልወጣለት ወተት፣ 6 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ።

ለመሐለኛው፦ 500 ግራም የተንጠፈጠፈ አይብ፣ 100 ግራም ለስለስ ያለ ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ፣ 100 ግራም የተፈጨ ስኳር፣ 250 ሚሊ ሊትር የሚመታ ፈሳሽ ክሬም፣ የአንድ ሎሚ ልጣጭ ፍቅፋቂ።

ለላይኛው፦ 2 ማንጎ፣ 4 ፓሽን ፍሩት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ኮርን ስታርች።

አሠራር፦

በመጀመሪያ ወተቱን አፍሉ። ከእሳት አውርዳችሁ የሎሚውን ጭማቂ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፤ ነጩ ከአረንጓዴው ውኃ ይለያል። ካልተለየ ትንሽ ሎሚ ጨምሩ። በንጹሕ ሻሽ አጥልላችሁ፣ ቋጥራችሁ ለአንድ ሰዓት ስቀሉት። ከ3 ሊትር ወተት 500 ግራም ገደማ ይወጣል። አጓቱን አትድፉት፤ ለዳቦ ማቡኪያ ግሩም ነው።

አይቡ እየተንጠፈጠፈ ብስኩቱን በሙቀጫ ድቀቁ። የነጭ ሽንኩርቱ ሙቀጫ እንዳይሆን አደራ! ከቀለጠው ቅቤ ጋር ለውሱና ቀለበቱን ጠፍጣፋ ሳህን ላይ አስቀምጡ፤ ውስጡን በመጋገሪያ ወረቀት ከልሉ። ብስኩቱን አፍስሳችሁ በብርጭቆ ቂጥ በደንብ ተጭናችሁ ፍሪጅ አስገቡ።

አይቡን፣ ቅቤውን፣ ስኳሩንና የሎሚውን ፍቅፋቂ በጁስ መፍጫ አንድ ላይ ፍጩ። በጣት ስትነኩት አሸዋ አሸዋ ማለቱን እስኪተው አትቁሙ። ቀዝቃዛውን ክሬም ለብቻው እስኪቆም ምቱና ከአይቡ ጋር በማንኪያ በእርጋታ አዋህዱ። ብስኩቱ ላይ ገልብጡ፣ ላዩን አስተካክሉ። ቫኒላ የምትወዱ ዱቄቱን ተጠቀሙ፤ ፈሳሹ ብዙ ጊዜ አልኮል አለበት።

ማንጎውን ፈጭታችሁ ከፓሽን ፍሩቱ፣ ከስኳሩና በጥቂት ቀዝቃዛ ውኃ ከተበጠበጠው ስታርች ጋር እስኪወፍር አማስሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ስለዚህ ከፈላ በኋላ ሁለት ደቂቃ ጨምሩለት። በደንብ ሲቀዘቅዝ ብቻ ኬኩ ላይ አፍስሱ። ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሌሊት ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ።

እኛ ለእሑድ ብለን ቅዳሜ ከሰዓት ፍሪጅ አስገባነው። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ልጄ በየአምስት ደቂቃው ፍሪጁን ልክፈት ስትል እናቴ በርጩማ ስባ ፍሪጁ በር ላይ ተቀመጠችበት። ይህንንም ልብ በሉ፤ በሩ ካልተከፈተ ፍሪጅ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። መብራቱ ሦስት ሰዓት ላይ መጣ።

እሑድ ከሰዓት ግቢው ሞላ። ቀለበቱን ወደ ላይ ስስበው እጄ ተንቀጠቀጠ። ኬኩ ቆመ። ቢላዋ በሙቅ ውኃ እየነከርኩ ቆረስኩና የመጀመሪያውን ሳህን ልጄ ለእትዬ ወሰደችላቸው። እትዬ ወደ እኔ ቀና አሉ። ጥያቄውን እስኪጠይቁ አልጠበቅሁም።

«እትዬ፣ ወተት ነው፣ ሎሚ ነው፣ የገበታ ቅቤ፣ ክሬም፣ ስኳር፣ ብስኩትና ማንጎ ነው። ብስኩቱ የአትክልት ዘይት ነው፤ ክሬሙንም አንብቤዋለሁ። ያቆመው ቅቤው ነው። ሌላ ምንም የለበትም።»

«አምናም እኮ ለልጅቷ ብዬ ልቀምስላት ፈልጌ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ግን የማላውቀውን ነገር...» አልጨረሱትም።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ እትዬ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ተው አንተ!» አሉና «ቢስሚላህ» ብለው ጎረሱ። ልጄ አፋቸውን እያየች ቆማለች። እትዬ አላመጡ፣ ዋጡ፣ አሰቡ። «ስኳር ትንሽ በዝቶበታል» አሉ። ግቢው በሙሉ ሳቀ። ሳህኑ ግን ባዶውን ተመለሰ።

የምክር ነገር ከሆነ አንድ ብቻ ልስጣችሁ። እናንተም ይህን ኬክ ከመጀመራችሁ በፊት ግራሙን ከመለካታችሁ አስቀድሞ ጠረጴዛው ዙሪያ ማን እንደሚቀመጥ ቁጠሩ። የሚጾም አለ? ስኳር የተከለከለ፣ ወተት የማይስማማው አለ? የጅምላ መለያ የሌለው ላስቲክ ስታዩ ሻጩን ጠይቁ፤ ካላወቀ አትግዙ። ስኳሩም ከ100 ወደ 80 ግራም ይውረድ፤ እትዬ ልክ ናቸው።

ማታ ዕቃ ስናጣጥብ እትዬ ያቺን የምን አለሽ ተራ ቀለበት አንስተው ወዲያ ወዲህ አገላበጧት። «ይቺ እዚህ ትቆይ» አሉ። «ለዒድ እኔ እሠራበታለሁ። በአጥር በኩል ይመጣላችኋል።»